ቡሬ በደቦ የተፈታች ሰሞን

ጎባ ውስጥ ቡሬን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፤ እሱም ሳይውል ሳያድር ይነገረዋል። ቡሬ ላም አይደለችም። የጋሽ መሀመድአወል ፒክአፕ መኪና ናት። አንዱ በሯ ሰማያዊ፣ ሌላው ነጭ፣ ኮፈኗ ደግሞ ከየትኛው መኪና እንደተነቀለ የማይታወቅ ቢጫ ስለሆነ ሰዉ እንደ ዥጉርጉር ላም ቡሬ አላት፤ ስሙም ጸደቀ። ዕድሜ ልኳን ጨውና ሳሙና ጭና የሳነቴን ተራራ እየወጣች ሪራ መንደር ስትወርድ፣ ከሪራ ማር፣ ከሃረና ጫካ ቡና ይዛ ስትመለስ ኖረች። ከዚያ አንድ ጠዋት ግቢ ውስጥ እንደቆመች አልነሳም አለች። ጋሽ መሀመድአወል አልተቆጧትም። «ደክሟት ነው፤ ትረፍ» አሉ። እንዲህ የተባለች መኪና እነሆ ስድስት ዓመት አረፈች፤ ዶሮዎቹም ጋቢናዋን ቤታቸው አድርገው ጫጩት ፈለፈሉባት።

ትረፍ የተባለችውን የቀሰቀሰቻት ልጃቸው ሰሚያ ናት። ሰሚያ አውቶ መካኒክ ተምራ፣ አዳማ አንድ ጋራዥ ውስጥ እጇን አፍታታ፣ ወደ አገሯ ተመልሳ ሮቤ ላይ ከሚኒባስ መናኸሪያው ጀርባ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራየች። «ሰሚያ ጋራዥ» የሚል ሰሌዳም ሰቀለች። ሰሌዳው እንዴት ያምራል! ደንበኛው ግን የት አባቱ ገባ? ጎማ ከሚያስነፋ በቀር ዝር የሚል የለም። አንዳንዱ ይመጣና አንገቱን ወደ ውስጥ ሰገግ አድርጎ፣ «መካኒኩ የለም እንዴ?» ይላል።

«እኔ ነኝ» ትላለች።

«እሺ፣ ሲመጣ እንመለሳለን» ብሎ ይሄዳል። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ እሷ ፊት፣ ቱታ ለብሳ፣ እጇ ግራሶ ሆኖ እያየ ነው እንዲህ የሚለው።

አዳማ ያለችው አክስቷ ይህን ሰምታ አንጀቷ አልችል ስላለ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ወንበር አገኘችላት። «ወሩ ሳያልቅ እሺ በይ፣ ሌላ ሰው ይወስደዋል» አለቻት። ወንበር! ሰሚያ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዕቃ ስታስፈርም ታያትና መልሱን አቆየችው። ግን ሥራ ሳይኖር ኪራይ እየከፈሉ ሰሌዳ መስቀልም አያዛልቅም። ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ነገር ልትሞክር ቆረጠችና አባቷ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ቡሬን ላነሳት ነው።»

ጋሽ መሀመድአወል ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ጨርሰው ልጃቸውን ሲያዩ ግን እሷ አልሳቀችም።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ» አሉ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ፣ «ግቢ ውስጥ ቆሞ ማጉረምረም የሞተር ወግ አይደለም። ጭነት ይዛ ሳነቴን ከወጣችና ሪራ ከደረሰች፣ ያኔ ልጄ መካኒክ ናት እላለሁ። እኔ ካልኩ ደግሞ ሮቤም ይላል፣ ጎባም ይላል። ካልሆነ አዳማ ሂጂ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች ሰሚያ። ተስማማን ትበል እንጂ ሌሊቱን የሚቀየረውን ዕቃ ስትቆጥር ነው ያደረችው።

ሥራው ተጀመረ። ዶሮዎቹ በብዙ ልመና ከጋቢናው ወጡ። ሞተሩን አውርዳ፣ ውስጡን ገልብጣ፣ ያለቀውን ቀይራ መልሳ አስቀመጠችው። ያረጀ ነገር መጠገን ብቻ አይደለም ሐሳቧ። ትከሻ የሚገነጥለውን መሪ በጣት የሚዞር ፓወር ልታደርገው፣ ባለ አራቱን ማርሽ በባለ አምስት ልትቀይረው፣ ሳነቴ ቁልቁለት ላይ አላህን የሚያስጠራውን ፍሬንም ልታሳድሰው ነው። ረፋድ ሮቤ ጋራዥዋ ትቀመጣለች፣ ከሰዓት ጎባ ቡሬ ሆድ ስር ተጋድማ ትውላለች። ጋሽ መሀመድአወል ደግሞ ጥላ ስር ቁጭ ብለው እግሯን ብቻ ያያሉ። ከመኪናው ስር የወጣ የልጅ እግር እያዩ መዋል አባትን ምን እንደሚያደርገው ልነግራችሁ አልችልም፤ ብቻ አንድ ቀን ለእናትየው ለረቢያ፣ «ይቺ ልጅ ብቻዋን ለፍታ ልትሞት ነው እኮ» አሉ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህች ላይ ነው።

ሰሚያ ማርሹንና የመሪውን ፓምፕ ልታመጣ አዳማ ሄደች። ሁለት ሌሊት አድራ፣ ዕቃውን አውቶብስ ጣራ ላይ አስጭና ሮቤ ገባች። ከሮቤ በሚኒባስ ጎባ ስትደርስ ከሰፈሯ ዘፈን ይሰማታል። ያውም የአጨዳ ዘፈን! ማን ነው በዚህ ወቅት የሚያጭደው እያለች የግቢያቸውን በር ከፈተች።

ወይ ጉድ! ቡሬ የለችም። ማለቴ፣ አለች፤ ግን በየቦታው ነው ያለችው። ሰማያዊው በር የጽድ ዛፉ ላይ ተደግፏል። ነጩ በር አጥሩ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። የፊት መብራቶቹ መስኮት ላይ ተደርድረው ሰው ያያሉ። ወንበሩ ሣሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ራዲያተሩን ሁለት ሰዎች እንደ ምንጣፍ ይዘው ያራግፉታል። መሃል ላይ፣ ባለፈው ሳምንት በእጇ አንድ በአንድ ያጠበቀቻቸው ቡሎኖች በሙሉ፣ የሞተሩ ከበሩ ጋር፣ የበሩ ከፍሬኑ ጋር ተደባልቀው አንድ ትልቅ ሳፋ ውስጥ በኦሞ አረፋ ተዘፍዝፈዋል። ጎረቤቱ ክንዱን ሰብስቦ እየዘፈነ ያሻል፣ ያጥባል፣ ያሰጣል።

«እንኳን ደህና መጣሽ!» አሉ ጋሽ መሀመድአወል፤ ፊታቸው በርቷል። «ደቦ ጠራሁልሽ!»

በሰው ለመፍረድ አትቸኩሉ። ባሌ ውስጥ ኮምባይነር ከገባ ወዲህ የሰፈር ሰው የሚያጭደውን ስንዴ ያ ማሽን በአንድ ረፋድ ላጭቶት ይሄዳል። ደስ ይላል፣ ድካም ቀረ። ግን ማጭዱን አንስቶ፣ ተሰልፎ፣ እየዘፈነና እየተሰዳደበ፣ ቀኑ ሲያልቅ በቅቤ የታሸውን የገብስ ጭኮ ከቦ መብላትም አብሮ ቀረ። ሰዉ ደቦ ናፍቆት ነበር። ጋሽ መሀመድአወል «ሐሙስ ለቡሬ ደቦ አለ» ሲሉ ያልተጠራውም መጣ።

መኪናዋንም ልክ እንደ ማሳ ነው ያካፈሏት። የደቦ አለቃ ሁሌም ደራራ ነው፤ የገብስና የስንዴ ገበሬ፣ ጉልበቱም ድምፁም የሚበቃ ሰው። «ከዚህ ጎማ እስከዚያ መብራት የእናንተ፣ ከመስተዋቱ ወዲህ የእነሱ» ብሎ ድርሻ ሰጠ። ድርሻ ካለ ደግሞ ፉክክር አለ። ማን ቀድሞ ይጨርስ! የግራው ወገን ሁለት ቡሎን ሲፈታ የቀኙ አራት። ጋሽ እሸቴ፣ ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር፣ ሽቦውን በሙሉ ከዳሽቦርዱ ነቅለው እንደ ሹሩባ ጎንጉነው አስቀመጡት። እትዬ ፋናዬ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሆስፒታል ነርስ ሆነው የሠሩ ናቸውና፣ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚያስገቡትን ቀጫጭን ቱቦዎች ድስት ውስጥ ጨምረው እንደ መርፌ ቀቀሏቸው።

«ጀርም የሚባል ነገር አልተረፈም» አሏት ሰሚያን አገላብጠው እየሳሟት።

ሰሚያ ሳፋውን፣ ድስቱን፣ አጥሩን በዓይኗ ዞረች። ምን ትበል? ማንን ትቆጣ? ሁሉም የአባቷ እኩያ ወይ እንደ ታላቅ ወንድም የምታየው ነው፤ ሁሉም ለእሷ ብሎ እጁ ተልጧል። የትልልቆቹን ትከሻ ስማ፣ «ገለቶማ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብላ፣ የተሰጣትን ጭኮ አፏ ውስጥ እንደያዘች ወደ ጓሮ ዞረችና ምርር ብላ አለቀሰች።

ረቢያ ተከትለው መጡ።

«አባትሽን ነው የምትገድይው ወይስ ጎረቤቱን?» አሉ። «ብቻ ንገሪኝ፣ እኔም የማግዝሽን አውቄ ልሰናዳ።»

ሰሚያ እያለቀሰች ሳቀች። «እማ፣ ወሩ ሊያልቅ ነው። ይሄን ሁሉ ብቻዬን መልሼ አልገጥመውም። አለቀ፤ አዳማ ነው የምሄደው።»

«ብቻሽን ግጠሚ ማን አለሽ?» ረቢያ ወገባቸውን ያዙ። «ያጨደ ደቦ ሳይወቃ ወደ ቤቱ ሲሄድ የት አይተሻል? እኛ አገር እንዲህ ያለ ነውር የለም። ሂጂ ንገሪያቸው። ዝም ካልሽማ ጨርሰናል ብለው ነው የሚሄዱት።»

ሰሚያ ፊቷን ዕቃ ስታወርድ በቆሸሸ እጅጌዋ ጠረገች፤ ግራሶ ቀባችው እንጂ አልጠራም። ወደ ግቢው ተመልሳ ባዶው በርሜል ላይ ወጣች። ዘፈኑ ቆመ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አጨዳው አልቋል» አለች። «ነገ ውቂያ ነው። ማንም ሰው የፈታውን ዕቃ ራሱ ይዞ ይምጣ። የማን ምን እንደሆነ ያላወቀ አለ?»

ያላወቀ አልነበረም። እንዴት አያውቅ! በድርሻ ሲጣላ የዋለ ሰው ድርሻውን ይረሳል እንዴ?

በማግስቱ ግቢው ሞላ። ረቢያና ሴቶቹ የሳፋውን ቡሎን ሰፌድ ላይ ዘርግፈው እንደ ምስር ለቀሙት፤ ወፍራሙን ከወፍራም፣ አጭሩን ከአጭር። ሰሚያ ደግሞ አዛዥ ሆነች። መጨረሻ የተፈታው መጀመሪያ ይገባል። «ደራራ፣ አንተ ቆይ፣ በር የመጨረሻ ነው።» «እትዬ፣ ቱቦዎቹን ያምጧቸው፤ በደንብ ደርቀዋል?» ጠብታ ውኃ ብትቀር ሞተሩን ትገድለዋለችና እያንዳንዷን ቱቦ በአየር ነፍታ፣ ወደ ፀሐይ አሻቅባ አየቻት። ጋሽ እሸቴ ሽቦውን ይዘው ስለ ኤሌክትሪክ ሊያስተምሯት ሲጀምሩ፣ «ጋሼ፣ በኋላ እማራለሁ፣ አሁን ቀዩን ያቀብሉኝ» አለቻቸውና ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ እሸቴም ሳቁ፤ ቀዩንም አቀበሉ።

አዲሱ ማርሽ ገባ። የመሪው ፓምፕ ታሰረ። ፍሬኑ ተሟላ። ሁሉም ነገር ቦታው ሲገባ ሰፌዱ ላይ አንዲት የብረት ቀለበት ቀረች። ማን ፈታት? ሁሉም «የኔ አይደለችም» አለ። ሰሚያ ሞተሩን እንደገና ልትከፍት መፍቻ ስታነሳ ረቢያ ከኩሽና ብቅ አሉ።

«የስጋ መፍጫዬን ቀለበት ያየ ሰው አለ?»

ከዚህ በኋላ ቡሬ ስትነሳ ምን እንደተባለ አልነግራችሁም። እልልታውን ሮቤ የሰማው ይመስለኛል።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ብሩህ ጠዋት፣ ቡሬ ጨውና ሳሙናዋን ጭና ወደ ሪራ ተነሳች። ሰሚያ መሪው ላይ፣ ጋሽ መሀመድአወል አጠገቧ። ኋላ ጭነቱ ላይ ደግሞ ደራራ፣ ጋሽ እሸቴ፣ እትዬ ፋናዬና ቦታ ያገኘ የደቦ ሰው ሁሉ ተቆናጥጧል። ውረዱ ቢባሉ ማን ይወርዳል? «በሬ ሲሄድ እኔ እዚህ ልቀር?» አለ ደራራ። ሰማያዊውን በር ማለቱ ነው። ጋሽ እሸቴ በጠራራ ፀሐይ የፊት መብራቱ ካልበራ ብለው ሙግት ገጠሙ፤ በራላቸው። እትዬ ፋናዬ በየመንገዱ አፍንጫቸውን ነፋ እያደረጉ፣ «ናፍጣ አይሸትም፤ ቱቦዎቼ ደህና ናቸው» ይላሉ።

ዳገቱ ተጀመረ። ጋሽ መሀመድአወል ወለሉ ላይ የሌለ ፍሬን በእግራቸው ይረግጣሉ። አየሩ እየሳሳ፣ ረጅሙ የደጋ ተክል ጅብራው በጉም ውስጥ እንደ ሰው እየቆመ ሲሄድ ቡሬ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ድምጿም ከበደ።

«ወደ ሁለት! ወደ ሁለት መልሻት!» ጮኹ አባትየው።

«ሦስት ይበቃታል፣ አባ።»

«እኔ ይሄን መንገድ አንቺ ሳትወለጂ...»

«አውቃለሁ። ያን ጊዜ የነበረው ማርሽ ግን ሌላ ነው።»

አባትየው እንደገና የሌለውን ፍሬን ረገጡ። ሰሚያ ነዳጁን ረግጣ መሪውን አጥብቃ ያዘች። አሁን ብትቆም ሁሉም ነገር ያከትማል። ቡሬ አልቆመችም። እያጉረመረመች፣ ጭነቱንም ሽማግሌውንም እንደያዘች ሳነቴ ሜዳ ላይ ብቅ አለች። አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዱን አቋርጦ ዘወር ብሎ አያት። ኋላ ያሉት ጨብጨብ ጨብጨብ አደረጉ። ጋሽ መሀመድአወል ግን አላጨበጨቡም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ይህ ሰሚያን ከዳገቱ ይልቅ አስጨነቃት። ምን ቀራት? ምን ይሆን ያላመኑት?

በአዲሱ ፍሬን ጠመዝማዛውን ቁልቁል ወርደው ሪራ ገቡ። መንገዱ ዳር አንድ የጭነት መኪና ከሃረና ያመጣውን ቡና ተሸክሞ ቆሟል። ሾፌሩ ረዲ ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነው፤ ሞተሩ ይነሳና ወዲያው ይጠፋበታል። ቡሬን ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ቡሬ! እሷ አልሞተችም እንዴ? ማን ነው የሠራት?»

«እኔ!» አለ ደራራ ከላይ እየዘለለ። «ይሄ በር ሲነሳም ሲገባም በእኔ እጅ ነው።»

«መብራቱን ተመልከት» አሉ ጋሽ እሸቴ። «የኤሌክትሪኩ ሥራ የእኔ ነው።»

«ልቧን ያከምኩት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ፋናዬ። ራዲያተሩን ያራገፉትም፣ ቡሎን ያጠቡትም፣ ሁሉም በየተራ ራሱን አስተዋወቀ። ወሬውን ረዲ ከቡናው ጋር ጭኖ በየከተማው ሊያዳርሰው እንደሆነ ሰሚያ ገባት፤ «ቡሬን የጎባ ሰው በደቦ ሠራት» ይባላል። እኔ ነኝ እንዳትል፣ በትልልቅ ሰዎች መሃል ጉራ ይሆንባታል። ዝም እንዳትል፣ አዳማና ወንበሩ ናቸው የሚጠብቋት። መሪውን እንደያዘች ከጋቢናው ሳትወርድ ቀረች።

ረዲ ደስ ብሎት የመኪናውን ኮፈን ብድግ አደረገ። «እሰይ! አላህ ነው ያመጣችሁ። በሉ ግቡበት!»

ደራራ የጫማው ማሰሪያ እንደተፈታ ትዝ አለው። ጋሽ እሸቴ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር። እትዬ ፋናዬ ብቻ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ «እኔ እንኳ የማውቀው መቀቀል ነው» አሉ።

«ኸረ አትቀልዱብኝ፣ ሰው ነኝ!» አለ ረዲ። «መካኒኩ የታለ?»

ጋሽ መሀመድአወል ከጋቢናው ወረዱ። ወደ ኋላ ዞረው የሰሚያን የመፍቻ ሳጥን፣ ያንን ሁለት ጎረምሳ የሚከብደውን ብረት፣ በሁለት እጃቸው አቅፈው እያቃሰቱ ረዲ መኪና ስር አደረሱት። ከዚያ ኮፍያቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ጮክ ብለው፣ ሪራ ሁሉ እንዲሰማ። «ነይ እንጂ! ስንት ቁጥር ላቀብልሽ?»

ሰሚያ ወርዳ ሰዉን አልፋ ሄደች። ረዲ አንዴ እሷን፣ አንዴ የተንበረከኩትን ሽማግሌ ያያል።

«እሷ ናት?» አለ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው! ልጄ መካኒክ ናት። ዞር በሉ፣ ብርሃን ጋረዳችሁባት!»

ሁሉም ዞር አለ። ሰሚያ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለች፤ ናፍጣው መግቢያ ላይ አየር እንደገባ ወዲያው ታያት።

«አሥራ አራት ቁጥር፣ አባ» አለችና እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

አባቷ ሳጥኑን አተረማመሱት፣ አንዱን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ መለሱት፣ ሌላ አነሱ። ጊዜ ወሰደባቸው። ሰሚያ አላጣደፈቻቸውም፤ ዞራም አላየቻቸውም፤ ብታያቸው እንደምታለቅስ ታውቃለች፣ ሥራ ደግሞ አለ። እጇን እንደዘረጋች ጠበቀች፤ መፍቻውም መጥቶ መዳፏ ላይ አረፈ።